የጋብቻ ውልን በብሎክቼን ላይ ማኖር፦ የጅማ ተጋቢዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ጅማ ውስጥ፣ ከፍርድ ቤት ደጃፍ ብዙም በማይርቅ አንድ ክፍል ተቀምጬ ውልና አቤቱታ እጽፋለሁ። የሽያጭ፣ የኪራይ፣ የእርቅና የጋብቻ ውል በየቀኑ በእጄ ያልፋል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ለመጋባት የተዘጋጁ ወጣቶች «ውላችንን ብሎክቼን ላይ ብናኖረውስ?» እያሉ ይጠይቁኛል። አብዛኞቹ ከዩኒቨርሲቲው የወጡ ናቸው፤ አንዳቸው ውጭ አገር የሚኖሩ ጥንዶችም አሉባቸው። ለእያንዳንዱ ስመልስ የኖርኩትን እዚህ በአንድ ላይ አሰባስቤዋለሁ። ብሎክቼን በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ በአንድ ጊዜ የሚቀመጥ፣ አንዴ የተጻፈበት የማይፋቅ የጋራ መዝገብ ነው፤ «ሰንሰለት» የምለውም እሱን ነው።

ብሎክቼን ላይ ከተመዘገበ ተጋብተናል ማለት ነው?

አይደለም። በአገራችን ሕግ ጋብቻ የሚጸናው በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓት ወይም በባህል ሲፈጸም ነው። በየትኛውም መንገድ ቢፈጸም ደግሞ በወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት መመዝገብ አለበት። ከእነዚህ መካከል ኮምፒውተር የሚተካው የለም።

ቢትኮይን በሚባለው ዲጂታል ገንዘብ ሰንሰለት ላይ ጋብቻቸውን ቀድመው ካሰፈሩት አንዱ ጥንድ ዴቪድ ሞንድረስና ጆይስ ባዮ ናቸው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 5 ቀን 2014 በፍሎሪዳ፣ ዲዝኒ ወርልድ ውስጥ የፈጸሙት ቃል ኪዳን ዛሬም ከሰንሰለቱ ላይ ይነበባል። ለሁለቱ ትልቅ ትርጉም ያለው ነገር እንደሆነ አልጠራጠርም፤ ሕጋዊ ጋብቻ የሚያደርገው ግን የመንግሥት መዝገብ ነው። በኔቫዳ ግዛት የዋሾ ካውንቲ አሠራር ይህን ቅደም ተከተል በደንብ ያሳያል። በ2018 (እ.ኤ.አ.) ኢተሪየም በተባለ ሌላ ብሎክቼን የተረጋገጠ የጋብቻ የምስክር ወረቀት በኤሌክትሮኒክ መንገድ መስጠት ጀመረ፤ ጋብቻውን አስቀድሞ የሚመዘግበው ግን መሥሪያ ቤቱ ራሱ ነው፣ ሰንሰለቱ ተከትሎ ይመጣል።

ታዲያ ምን ይጠቅመናል?

ሁለት ነገር ያረጋግጥላችኋል፦ ወረቀቱ በዚያ ቀን እንደነበረ፣ ከዚያ ወዲህም አንድ ፊደል እንዳልተነካ። ትንሽ ነገር ሊመስላችሁ ይችላል። እኔ ግን ከማልረሳው አንድ ጉዳይ ልንገራችሁ።

አንዲት ሴት ሁለት ገጽ የጋብቻ ውል ይዛ መጣች። ማና ወረዳ ከአባቷ የወረሰችው ግማሽ ሄክታር የቡና መሬት የግሏ እንደሆነ አንደኛው ገጽ ላይ ተጽፏል። ባልየው ያቀረበው ቅጂ ላይ ግን ያ መስመር የለም። ፊርማው ሁሉ ያለው ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው፤ አንደኛው ገጽ ላይ ማንም አልፈረመም። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቼ አየሁት። የእሱ ሁለተኛ ገጽ ጥግ ላይ ሁለት ጥንድ የስቴፕለር ቀዳዳ አለ፤ አንደኛው ገጽ ላይ ግን አንድ ጥንድ ብቻ። ገጹ ተነቅሎ ሌላ ተተክቷል። ከአራቱ ምስክሮች አንዱ ሞተዋል፣ አንዱ አገር ለቀዋል፣ የቀሩት ሁለቱ ሽማግሌዎች «መሬት የሚል ነገር ነበረ መሰለኝ» ከማለት አላለፉም። በሕጉ ደግሞ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር የባልና ሚስት ንብረት የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል፤ በአንደኛው ስም ብቻ ቢመዘገብም እንኳ። ማስረዳት የእሷ ሸክም ሆነ። ከብዙ ምልልስ በኋላ ተሳካላት፣ ግን ሁለት የቡና ለቀማ ወቅት በፍርድ ቤት ደጅ አለፈባት።

ያ ውል በተፈረመበት ቀን አሻራው (ከስካን ፋይሉ በስሌት የሚወጣ መለያ መስመር) ሰንሰለት ላይ ቢቀመጥ ኖሮ የትኛው ቅጂ እውነተኛ እንደሆነ በአምስት ደቂቃ ይለይ ነበር። ብሎክቼንን የምደግፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላው ቀኑ ነው። የጋብቻ ውል የሚደረገው ከጋብቻው በፊት ወይም በጋብቻው ዕለት ነው። ከተጋቡ በኋላ ባልና ሚስት በመካከላቸው የሚያደርጉት ውል ፍርድ ቤት ካላጸደቀው በሕግ ፊት ዋጋ የለውም፤ የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) አንቀጽ 73 ይህን ይላል። ስለዚህ «ይህ ውል ከሠርጉ በፊት ነበር ወይስ በኋላ ቀኑን ወደ ኋላ መልሰው ጻፉት?» የሚለው ክርክር ውሉን ሊያጸናም ሊጥለውም ይችላል። ሰንሰለቱ ቀን ወደ ኋላ መመለስ አይፈቅድም።

ሰንሰለቱ የማይነካው ለምንድን ነው?

የእድር መዝገብ በጸሐፊው ቤት ብቻ ከመቀመጥ ይልቅ በእያንዳንዱ አባል ቤት ቅጂው ቢኖር ብላችሁ አስቡ። ጸሐፊው ሌሊት ተነስቶ አንድ መስመር ቢፍቅ ጠዋት መቶ ሰው ያጋልጠዋል። የቢትኮይን መዝገብ በዓለም ዙሪያ በሺዎች በሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች ላይ አለ። በአማካይ በየ10 ደቂቃው አዲስ ገጽ (ብሎክ) ይጨመራል፤ እያንዳንዱ ገጽ የቀዳሚውን ገጽ አሻራ ይዟል። አንዱን የሚለውጥ የተከተሉትን ሁሉ መለወጥ ይኖርበታል።

የውሉ ጽሑፍ በሙሉ ነው የሚገባው?

በፍጹም አይግባ። የሚገባው የውሉ አሻራ ነው። ኤስ.ኤች.ኤ. 256 የሚባለው ስሌት ፋይላችሁን ወስዶ 64 ምልክት ያለው አንድ መስመር ያወጣል። ከዚያ መስመር ተነስቶ ውሉን ማንበብ አይቻልም፤ ከውሉ ተነስቶ ግን ያንኑ መስመር ማንም ማውጣት ይችላል።

ሙሉ ጽሑፉ እንኳ ልግባ ቢል ለብዙ ዓመታት ቦታ አልነበረውም። በቢትኮይን ለእንዲህ ያለ ማስታወሻ የተለመደው ጣሪያ 80 ባይት (ባይት የኮምፒውተር ጽሑፍ መለኪያ ነው) ነበር። የግእዝ ፊደል አንዱ 3 ባይት ስለሚይዝ ሰማንያው ባይት የሚበቃው ለ26 ፊደል ነው፤ የሙሽሮቹ ስም ከነአባት ሲጻፍ ያልቃል። አሻራው ግን 32 ባይት ብቻ ነው፣ ውሉ ሁለት ገጽ ሆነ ሃያ ገጽ።

እንዴት ነው የሚሠራው?

ውሉ ይጻፋል፤ ተጋቢዎቹና ምስክሮቹ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ይፈርማሉ (በእያንዳንዱ ገጽ! የማናዋን ሴት አስታውሱ)። የተፈረመው ወረቀት ስካን ተደርጎ አንድ ፋይል ይሆናል። ከዚያ ኦፕንታይምስታምፕስ በሚባለው ነጻ አገልግሎት አሻራው ይላካል፤ ፋይሉ ራሱ ከኮምፒውተራችሁ አይወጣም። አገልግሎቱ የብዙ ሰዎችን አሻራ ጠቅልሎ በአንድ ላይ ቢትኮይን ላይ ያሰፍረዋል። አንዲት ትንሽ የማስረጃ ፋይል ወዲያው ይሰጣችኋል፤ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ቢትኮይን ላይ ሲረጋገጥ ማስረጃዋን አሟሏት። ዋናውን ፋይልና ይህችን ማስረጃ ጎን ለጎን አስቀምጡ፤ አንዷ ያለ ሌላዋ አትሠራም።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ስካን የተደረገውን ፋይል ከዚያ በኋላ አትንኩት። ከፍታችሁ መልሳችሁ «ሴቭ» ብታደርጉት፣ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ልካችሁ መልሳችሁ ብታወርዱት፣ ለዓይን ምንም ያልተለወጠ ፋይል ሌላ አሻራ ያወጣል። የተየባችሁትን ጽሑፍ አሻራ ለማስቀመጥ የምታስቡ ከሆነ ደግሞ አማርኛችን ራሱ ወጥመድ አለው። «ሀብት» እና «ሃብት»፣ «ሥራ» እና «ስራ» ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለስሌቱ ግን ፍጹም የተለያዩ ናቸው። አራት ነጥብን በአንድ ቁልፍ የጻፈና ሁለት ሁለት ነጥብ አጋጥሞ የጻፈ ሰው ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ያትማሉ፣ አሻራቸው ግን አይገናኝም። አንዲት ሙሽራ ውሉን ከወረቀቱ ላይ አይታ እንደገና ተየበችውና «አሻራው አልገጠመም፣ ተጭበርብሬአለሁ» ብላ አልቅሳ መጥታ ነበር። ሦስት ሰዓት ሙሉ መስመር በመስመር ስናስተያይ ቆይተን ያገኘነው ልዩነት አንድ «ዐ» ነበር። እናም የምታስቀምጡት አሻራ የፈረማችሁበት ወረቀት የስካን ፋይል ይሁን፤ እሱንም በሦስት ቦታ ቅዱት።

ምስክር አያስፈልገንም ማለት ነው?

ያስፈልጋችኋል። የፌዴራሉ ሕግ የጋብቻ ውል በጽሑፍ ሆኖ ከሙሽራዋ ወገን ሁለት፣ ከሙሽራው ወገን ሁለት፣ በድምሩ አራት ምስክሮች እንዲያረጋግጡት ይጠይቃል። ጅማ ላይ የሚሠራው የኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 69/1995፣ በአዋጅ ቁጥር 83/1996 የተሻሻለው) ነውና የክልሉን አንቀጽ ከጠበቃ ጋር ተመልከቱ። አራት ምስክር ይዞ የቀረበ ሰው ግን የሚያጣው ነገር የለም።

ሰንሰለቱ የሰው ፊት አያይም። ሙሽራዋ 18 ዓመት ይሙላት አይሙላት፣ እያለቀሰች ትፈርም ወይስ በደስታ፣ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ተገድዳ የፈረመችበትን ወረቀት ልክ በፈቃዷ እንደፈረመችበት አድርጎ ለዘላለም ይጠብቀዋል። ይህን የሚያዩት ምስክሮቹ ናቸው። ስለዚህ ምስክር ስትመርጡ የምትከበሩበትን ሰው ብቻ ሳይሆን ነገ ፍርድ ቤት ቆሞ የሚናገርላችሁን ሰው ምረጡ፤ ቢቻል ከእናንተ ዕድሜ ብዙም የማይርቅ ሰው ይኑርበት።

ፍርድ ቤት ይቀበለዋል?

ፍርድ ቤት የሚመረምረው መጀመሪያ ወረቀቱን፣ ፊርማውንና ምስክሮቹን ነው። አሻራው የሚመጣው እነዚህን ለማጠናከር ነው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ኤሌክትሮኒክ ሰነድ ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ዋጋ እንዳይነፈገው መንገድ ከፍቷል። በሌላው ዓለምም የቻይናው ሃንግዡ የኢንተርኔት ፍርድ ቤት በ2018 (እ.ኤ.አ.) በአንድ የቅጂ መብት ክርክር ላይ በብሎክቼን የተቀመጠ ማስረጃን ተቀብሏል።

ዳኛው ስለ ብሎክቼን እንዲያውቁ አትጠብቁ፤ የማስረዳት ኃላፊነት የእናንተ ነው። በአንድ ገጽ ላይ አሻራው ምን እንደሆነ፣ በስንተኛው የቢትኮይን ገጽ ላይ እንደሚገኝና ማንም ባለሙያ እንዴት አድርጎ መልሶ ሊያጣራው እንደሚችል በቀላል ቋንቋ ጽፋችሁ ከውሉ ጋር አያይዙ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ውሉን በአማርኛ የጻፋችሁ ትርጉሙንም አሠርታችሁ፣ ተዋዋዮቹ በሁለቱም ላይ ፈርማችሁ፣ የሁለቱንም አሻራ አስቀምጡ። የትኛው ቋንቋ የበላይ እንደሚሆን ውሉ ውስጥ በግልጽ ይጻፍ።

ኒካህ ነው ያሰርነው። መህሩን ማስቀመጥ እንችላለን?

እንዲያውም ከሁሉ የሚስማማው ለዚህ ይመስለኛል። መህር (ባል ለሚስቱ ሊሰጥ ቃል የሚገባው ስጦታ) የሙሽራዋ መብት ነው፤ ግማሹ በዕለቱ ተሰጥቶ ግማሹ «በኋላ» ሲባል ግን ያ «በኋላ» በወረቀት ሳይሰፍር በሰው ትዝታ ብቻ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ወርቁ ስንት ግራም እንደሆነ፣ የትኛው እንደተሰጠ፣ የትኛው መቼ እንደሚሰጥ ይጻፍ። ወሊዩ (የሙሽራዋ ወገን ሆኖ የሚድራት)፣ ምስክሮቹና ኒካሁን ያሰሩት ሼህ ይፈርሙ፤ አሻራው ይቀመጥ። ክርክር ቢነሳ በሁለቱም ወገን ፈቃድ የሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊያየው ይችላል፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34(5) ይህን ይፈቅዳል። እዚያም ቢሆን የተጻፈ ነገር ካልተጻፈ ይሻላል።

ሰማንያው ቢቀደድስ? ብንፋታ ከሰንሰለቱ ይጠፋል?

ሰማንያ መቀደድ በአነጋገራችን ፍቺ ነው። ሰንሰለት ላይ ያለ ነገር ግን አይቀደድም። ብትፋቱ ፍቺውን የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው፤ አሻራው ያኔ «በዚያ ቀን እንዲህ የሚል ወረቀት ነበረ» ከማለት ሌላ ትርጉም የለውም። ከፈለጋችሁ የፍቺውን ውሳኔ አሻራም ማስቀመጥ ትችላላችሁ።

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሰው የራሱን መረጃ እንዲያስጠፋ መብት ይሰጠዋል። ሙሉ ጽሑፍ ሰንሰለት ላይ ያኖረ ሰው ይህን መብቱን በገዛ እጁ አሳልፎ ሰጠ። አሻራ ብቻ ያኖረ ግን ዋናውን ፋይል ካጠፋ የሚቀረው ማንም የማይፈታው የቁጥርና የፊደል መስመር ነው።

ምስጢራችን ይወጣል?

በአሻራ አይወጣም፣ አንድ ነገር ከተጠነቀቃችሁ። ጽሑፉ አጭርና ለግምት የሚመች ከሆነ (ለምሳሌ ስማችሁና የሠርጉ ቀን ብቻ) የሚያውቃችሁ ሰው እየሞከረ ሊደርስበት ይችላል። የተፈረመ ወረቀት ስካን እንዲህ አይገመትም። የፋይዳ ቁጥር፣ የጤና ሁኔታ፣ የልጆች ስም በየትኛውም ሰንሰለት ላይ በግልጽ ጽሑፍ አይቀመጥም። ይህን «እናስቀምጥላችኋለን» የሚል ሰው ቢመጣ ከቤታችሁ አስወጡት።

ንብረቱን በራሱ የሚያካፍል ስማርት ኮንትራት ብንሠራስ?

ይህን አልመክርም፣ አጥብቄም እቃወማለሁ። ስማርት ኮንትራት፣ ማለትም ሰንሰለቱ ላይ ተቀምጦ የተጻፈለትን በራሱ የሚፈጽም ኮድ፣ የሚያዝዘው ሰንሰለቱ ላይ ያለን ነገር ብቻ ነው። ጎማ ወረዳ ያለው ቡና፣ ቦሳ አዲስ ቀበሌ ያለው ቤት፣ ከብቱ ሰንሰለቱ ላይ የሉም። የቤቱን ካርታ የሚያዛውረው ማዘጋጃ ቤት ነው፤ የገጠሩን መሬት የሚያረጋግጠው የይዞታ ደብተሩ ነው። ለአንዲት ሚስት ደብተሩ ላይ ስሟ መኖሩ ከማንኛውም ኮድ ይበልጥባታል።

ኮድም ይሳሳታል። በ2016 (እ.ኤ.አ.) ሰኔ ውስጥ «ዘ ዳኦ» በተባለው የኢተሪየም ፈንድ ኮድ ውስጥ በነበረ አንድ ስህተት ወደ 3.6 ሚሊዮን ኢተር (የኢተሪየም ገንዘብ) ተወስዷል፤ ያን ኮድ ብዙ ባለሙያዎች አይተውት ነበር። እናንተስ ለትዳራችሁ ያን ያህል ባለሙያ ታገኛላችሁ? ከሁሉ የሚያሰጋኝ ግን ቁልፉ ነው። በእንዲህ ያለ አሠራር ሁሉ ነገር የሚከፈተው በ12 ወይም በ24 ቃላት ነው፤ እነዚያን ቃላት የያዘ ሰው ያዝዛል። በአብዛኛው ቤት ማን እንደሚይዛቸው ሁላችንም እናውቃለን። የሴቲቱን መብት ይጠብቃል የተባለ መሣሪያ በባልየው ስልክ ውስጥ ተቆልፎ እንዲቀመጥ አልፈልግም።

ቢትኮይን መግዛት አለብን?

የለባችሁም። ከላይ የጠቀስኩት መንገድ ነጻ ነው፤ የሰንሰለቱን ክፍያ አገልግሎቱ ይሸፍናል። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ክሪፕቶከረንሲን ለክፍያ መጠቀም እንደማይፈቀድ አስታውቋል፤ ስለዚህ ለአሻራ ብላችሁ ሳንቲም ለመግዛት አትሂዱ። የምትከፍሉት ለውል መጻፊያ፣ ለስካንና ለሕትመት ነው።

ተጋብተን ዓመታት አልፈዋል፤ አሁን ብናስቀምጥስ?

አዲስ ውል ከሆነ መጀመሪያ ፍርድ ቤት ያጽድቀው። ድሮ የተፈረመ ውል ካላችሁ አሻራውን ዛሬ ማስቀመጥ ከዛሬ ወዲህ እንዳይለወጥ ይጠብቀዋል፤ ከዛሬ በፊት እንዳልተለወጠ ግን አያስረዳም።

ሠርጋችን እሑድ ነው። ቅዳሜ ማታ ብናደርገው ይደርሳል?

አታቆዩት። የሰንሰለቱ ሰዓት የግሪንዊች ሰዓት ነው፣ እኛ በሦስት ሰዓት እንቀድማለን። ማረጋገጫው ቅዳሜ 21:30 ላይ ቢሰፍር በእኛ አቆጣጠር ለእሑድ አጥቢያ ከሌሊቱ 6:30 ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠርም ቀኑ እሑድ ሆኗል። በዚያ ላይ ገጹ ላይ የሚጻፈው ሰዓት ከእውነተኛው እስከ ሁለት ሰዓት ሊቀድም ይችላል። ቀን የሚወስነውን ነገር በሰዓት ልዩነት ለክርክር አታጋልጡ። ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀደም ብላችሁ ጨርሱት።

ኢንተርኔት ቢቋረጥ ወይም ስልካችን ቢጠፋ ማስረጃው አብሮ ይጠፋል?

በ2012 ክረምት ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሲቋረጥ ሰንሰለቱ አልቆመም፤ እኛ ነን ያልደረስንበት። የሚጠፋው የእናንተ ፋይል ነው። ዋናውን ስካንና የማስረጃ ፋይሉን በሁለት ፍላሽ ቅዱ፤ አንዱ ከሙሽራዋ ቤተሰብ ዘንድ፣ አንዱ ከሙሽራው ዘንድ ይቀመጥ። ሦስተኛው በኢሜይላችሁ ይኑር፣ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ተያይዞ። አሻራውን ከውሉ ወረቀት ግርጌ አሳትሙት። የተፈረመውን ወረቀት ቅጂ ከጋብቻ ምዝገባው ጋር እንዲያያዝላችሁ የወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤቱን ጠይቁ፤ ዋናውን በላስቲክ ጠቅልላችሁ ከይዞታ ደብተሩ ጋር አኑሩት። የጅማ ዝናብ ረጅም ነው፣ እርጥበት ያደበዘዘው ፊርማ ደግሞ በምንም ስሌት አይመለስም።